የአሜሪካ ሬዚደንሲና የኢትዮጵያ ሐኪሞች፦ ተረቱና እውነታው

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዘንዘልማ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ መቀመጫ በመሆኗ ለተማሪና ለምረቃ ወሬ እንግዳ አይደለችም። የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ኮሌጅ የሚያስተምረው በሌላኛው የከተማዋ አቅጣጫ፣ በጥበበ ጊዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቢሆንም፣ ከዚያ ስለሚወጡት ሐኪሞች የሚነገረው ነገር በዘንዘልማም፣ በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ሐኪም የሆነ ሰው አሜሪካ ከገባ ኑሮው ተቃና ማለት ነው የሚል ነው። በዲግሪውና በተቃናው ኑሮ መካከል ግን ሬዚደንሲ የሚባል ደረጃ አለ። ሬዚደንሲ ማለት ሐኪሙ ከተመረቀ በኋላ በማስተማሪያ ሆስፒታል፣ በነባር ስፔሻሊስቶች ክትትል ሥር ሆኖ፣ ደመወዝ እየተከፈለው የሚወስደው ሥልጠና ሲሆን፣ በአሜሪካ እንደ ሙያው ዘርፍ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞች የሚቸገሩት በዚህ ደረጃ ላይ ስለሆነ፣ ስለ ጉዳዩ በሰፊው የሚታመኑትን አባባሎች ከእውነታው ጋር ማስተያየት ይገባል።

ተረት 1፦ ሐኪም የትም ቢሄድ ሐኪም ነው።

እውነታው፦ በአሜሪካ የሕክምና ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ያለ የሕክምና ቦርድ ሲሆን፣ እነዚህ ቦርዶች በመደበኛው አሠራር በውጭ አገር የተመረቀ ሐኪም እዚያው ሬዚደንሲ እንዲወስድ ይጠይቃሉ፤ በአገሩ ለዓመታት ቀዶ ጥገና ሲሠራ የኖረ ስፔሻሊስት እንኳ በአብዛኛው እንደ አዲስ ጀማሪ ሬዚደንት ሆኖ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የቴነሲ ግዛት ይህን ግዴታ የሚያላላ ሕግ ማውጣቱና ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ መንገድ መከተላቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ፈቃድ ጊዜያዊ፣ በቀጣሪ ተቋም ላይ የተመሠረተና በአገሩ ልምድ ላካበተ ሐኪም የታሰበ በመሆኑ፣ ትናንት ለተመረቀ ጠቅላላ ሐኪም አቋራጭ አይሆንም።

ተረት 2፦ ፈተናውን ያለፈ ቦታው ተያዘለት።

እውነታው፦ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለው የፈቃድ ፈተና በደረጃ የተከፋፈለ ነው። አመልካቹ ስቴፕ 1ን እና የክሊኒክ ዕውቀት የሚለካበትን ስቴፕ 2ን አልፎ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታውንም ሲያስመሰክር፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ከተቋቋመውና በውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ ከሚያጣራው ኢሲኤፍኤምጂ ከተባለ ተቋም የምስክር ወረቀት ያገኛል። ወረቀቱ ሬዚደንሲ ለመጀመር የሚያበቃ ነው እንጂ ሬዚደንሲውን የሚሰጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በተካሄደው ምደባ ለመጀመሪያ ዓመት ቦታ ከተወዳደሩት መካከል በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የኤምዲ ዲግሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች 93.5 በመቶው ሲመደቡ፣ በሌላ አገር ከተማሩ የውጭ ዜጎች የተመደቡት 58.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ አኀዝ የሚሰላው የምርጫ ዝርዝራቸውን እስከ መጨረሻ ባስገቡት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አመልክተው አንድም ሆስፒታል ለቃለ መጠይቅ ሳይጠራቸው የቀሩትና በዚያው ያቋረጡት በስሌቱ ውስጥ የሉም።

ተረት 3፦ ምደባው ዕጣ ነው፤ ትልቅ ሆስፒታል አንደኛ ብሎ የጻፈም ትንሹን ጭምር ያጣል።

እውነታው፦ በተለምዶ ማች የሚባለው ምደባ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረ ሲሆን፣ ከቃለ መጠይቁ በኋላ አመልካቹ ሆስፒታሎችን፣ ሆስፒታሎቹም አመልካቾችን በምርጫ ቅደም ተከተል ጽፈው ያስገባሉ። የኮምፒዩተር ስሌቱ እያንዳንዱን አመልካች መጀመሪያ በአንደኛ ምርጫው ይሞክረዋል፤ ሆስፒታሉ በዝርዝሩ ጽፎት ክፍት ቦታ ካለው፣ ወይም ከዚያ በፊት በጊዜያዊነት ከያዛቸው አስበልጦ ከጻፈው ይቀበለዋል፤ አለዚያ ወደ ሁለተኛው ምርጫ ያልፋል። መያዣው ሁሉ ስሌቱ እስኪያበቃ ድረስ ጊዜያዊ በመሆኑ፣ አንደኛ ምርጫው ሳይሳካለት ወደ ሁለተኛው የወረደ አመልካች ሁለተኛውን አንደኛ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ዕድል አያጣም። የዚህ አሠራር ሒሳባዊ መሠረት ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተሙት ጥናት ሲሆን፣ አልቪን ሮትና ኤሊዮት ፔራንሰን የአመልካቹን ምርጫ እንዲያስቀድም አድርገው ያሻሻሉት ስሌት ከ1998 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ሻፕሊና ሮት እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተጋሩትም በዚህ የጥናት ዘርፍ ነው። ስለዚህ ለአመልካቹ የሚበጀው የሚመኘውን በእውነተኛ ቅደም ተከተሉ መጻፍ ነው፤ እውነተኛው ማጣሪያ ያለው ከስሌቱ በፊት፣ ቃለ መጠይቅ በሚጠራበትና በማይጠራበት ሰዓት ነው።

ተረት 4፦ አሜሪካ ሐኪም ስለሚጎድላት ማንንም ትወስዳለች፤ ቦታ ያጣው ሰነፉ ነው።

እውነታው፦ እጥረቱ አለ፤ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንበያ የሐኪም ጉድለቱ በ2036 እስከ 86,000 ሊደርስ እንደሚችል አስታውቋል። የሐኪም እጥረትና የሬዚደንሲ ቦታ ብዛት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሬዚደንቶች ሥልጠና ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚሸፍነው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የበጀት ሕግ ሜዲኬር የሚከፍልባቸውን ቦታዎች በየሆስፒታሉ በ1996 በነበረው ቁጥር ገድቧል። በ2020 መጨረሻ የወጣ ሕግ 1,000 ቦታዎች እንዲጨመሩ ቢፈቅድም፣ የሚሰጡት በዓመት ከ200 ሳይበልጡ ነው። በር ጠባብ ሲሆን ደግሞ ማጣሪያው ይበዛል። ስቴፕ 1 ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጤቱ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ተብሎ ብቻ የሚገለጽ በመሆኑ፣ ሆስፒታሎች በስቴፕ 2 ውጤት፣ በአሜሪካ ሆስፒታል በተገኘ ልምድ፣ በድጋፍ ደብዳቤዎች፣ በቪዛ ፍላጎትና ከምረቃ በኋላ ባለፉት ዓመታት ብዛት አመልካቹን ይለያሉ። የመጨረሻው መስፈርት ኢትዮጵያዊውን ሐኪም በተለይ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ከተመረቀ በኋላ በወረዳ ሆስፒታል ያገለገለባቸው ዓመታት በአገሩ ልምድ ተብለው ሲቆጠሩለት፣ በዚያ ማመልከቻ ላይ ግን «ቆየት ያለ ተመራቂ» ያሰኙታል። ቦታ ያጣ ሐኪም ዕውቀት ያጣ ነው ማለት እንግዲህ ስሕተት ነው።

ተረት 5፦ ሬዚደንሲ የገባ ከዚያ ወዲያ እንደፈለገው ይቀራል።

እውነታው፦ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሬዚደንቶች የሚገቡት ጄ-1 በሚባል የሥልጠና ቪዛ ሲሆን፣ ቪዛው ከሠልጣኙ አገር የጤና ሚኒስቴር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ሥልጠናው ሲያልቅም ሐኪሙ ሁለት ዓመት በአገሩ እንዲቆይ ያስገድዳል። ከዚህ ግዴታ ለመዳን የታወቀው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረውና ዛሬ ኮንራድ 30 የሚባለው መርሐ ግብር ነው፤ በዚህም እያንዳንዱ ግዛት በዓመት እስከ 30 ሐኪሞች ሐኪም በጎደለበት አካባቢ ሦስት ዓመት እንዲያገለግሉ በማድረግ ግዴታው እንዲነሣላቸው ይጠይቃል።

ተረት 6፦ በቺካጎ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በኢትዮጵያ ካሉት ይበልጣሉ።

እውነታው፦ ይህ አባባል በስብሰባና በጽሑፍ ሲደጋገም ኖሯል። ማይክል ክሌመንስና ጉኒላ ፔተርሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት ግን በ2000 አካባቢ በተደረጉ ቆጠራዎች ላይ ተመሥርቶ፣ አሜሪካንና ብሪታንያን ጨምሮ በዘጠኝ ተቀባይ አገሮች በጠቅላላው የተገኙት በኢትዮጵያ የተወለዱ ሐኪሞች ከ600 እንደማይበልጡ አሳይቷል። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ከ1,000 በላይ ሐኪሞች ይሠሩ ስለነበር አንዲት ከተማ ልትበልጥ አትችልም። ፍልሰቱ ጥቂት ሐኪም ላላት አገር ከባድ ጉዳት መሆኑ ሳይካድ፣ የተጋነነው አባባል የሄደ ሁሉ ተሳክቶለታል የሚለውን እምነት አጠናክሯል።

ተረት 7፦ አገር ቤት ስፔሻላይዝ ማድረግ የሚቀረው ላልቻለ ነው።

እውነታው፦ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የኢትዮጵያ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማሕፀንና ጽንስ ሕክምና ስፔሻሊስት ያሠለጥናሉ፤ መግቢያውም ጤና ሚኒስቴር በሚመራው አገር አቀፍ ፈተናና ምደባ የሚያልፍ ውድድር ነው። በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ኢትዮጵያዊም ዲግሪው አቻ ግምት ተሰጥቶት የሙያ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል እንጂ በቀጥታ ሥራ አይጀምርም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የሬዚደንሲ ቦታ በሕግና በገንዘብ የተለካ፣ ከአመልካቹ ችሎታ ውጭ የሆኑ ብዙ ነገሮች የሚወስኑት መሆኑ ነው። ስለሆነም ለመሄድ የወሰነ ሐኪም የፈተናውንና የማመልከቻውን ወጪ ከማውጣቱ በፊት የምረቃ ዘመኑን፣ የቪዛ ሁኔታውንና የሚያመለክትበትን ዘርፍ አመዛዝኖ፣ አገር ቤት ያለውን ምደባም እንደ እኩል አማራጭ ይዞ ሊነሣ ይገባል፤ ወላጆችም ልጃቸው በመጋቢት በሚወጣው የማች ውጤት ቦታ ባያገኝ ይህን ከስንፍና ሊቆጥሩበት አይገባም።