የብረት ዕድሜ በሽፋኑ ይለካል

አንድ ቀበሌ ትምህርት ቤት ወይም መጋዘን ለመሥራት ሲነሣ ድንጋዩና እንጨቱ ከአካባቢው ይገኛል፤ ጉልበቱም የኅብረተሰቡ ነው። ቆርቆሮው ግን በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ይህ ገንዘብ ደግሞ ገበሬው ከማሽላውና ከጤፉ ሽያጭ ቀንሶ ያዋጣው ነው። በዚህ ሁኔታ የተገዛ ቆርቆሮ ሃያ ዓመት ማገልገል ሲችል በሰባትና በስምንት ዓመቱ ወንፊት ሆኖ ቢገኝ ኅብረተሰቡ ለአንድ ጣራ ሁለትና ሦስት ጊዜ ለማዋጣት ይገደዳል። የዚህ ችግር መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ሳይሆን ብረቱን የለበሰው ስስ ሽፋን ነው። በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ስለዚህ ሽፋን ምንነት፣ ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ በቂ ግንዛቤ ሊኖራቸው ይገባል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በደዌ ሐረዋና በባቲ ወረዳዎች የትምህርት ቤቱ፣ የጤና ኬላው፣ የመስጊዱና የማዳበሪያ መጋዘኑ ጣራ ባመዛኙ ቆርቆሮ ነው። የእጅ ፓምፑ፣ የወፍጮ ቤቱ በር፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ማቆሚያ፣ ማረሻውና ማጭዱም ብረት ናቸው። ስለዚህ ዝገት የፋብሪካ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም።

ዝገት እንዴት ይነሣል?

ብረት የሚዝገው ውሃና በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ዝገት አይኖርም። በብረት ላይ የሚታየው ቀይ ዱቄት ልቅ በመሆኑ ውሃን ያሳልፋል እንጂ ከሥሩ ያለውን ብረት አይጠብቅም። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ የጀመረ ዝገት ካልተገታ በቀር ብረቱን እስኪበሳ ድረስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ጨው፣ ማዳበሪያና የከብት ፍግ ዝገትን ያፋጥናሉ። የቦርከና ወንዝ በሚያርሰው በጨፋ ረግረጋማ ሜዳ መሬቱ እርጥበት የሚይዝ ሲሆን፣ በበጋ ወራት ከአካባቢው አርሶ አደሮች ከብት ሌላ የአርብቶ አደሮች መንጋም ለግጦሽ ይሰማራበታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከመሬት ጋር የተጣበቀ የቆርቆሮ አጥር ወይም የበረት ግድግዳ ከላዩ ደህና እየመሰለ ከግርጌው ይበላል። ስለዚህ የግድግዳው የታችኛው ክፍል በድንጋይ ተሠርቶ ቆርቆሮው ከአፈርና ከፍግ ከፍ እንዲል ማድረግ ያስፈልጋል። በመጋዘን ውስጥም የዩሪያና የሌላ ማዳበሪያ ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሮ ከቆርቆሮው ግድግዳ መራቅ አለበት።

ዚንክ ስለ ብረት ያልቃል

የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚያብረቀርቀው በብረቱ ላይ በተለበጠው ዚንክ ነው። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ የመለበጥን ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1837 ነበር። ዛሬም የፋብሪካው ሥራ በመሠረቱ ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። ብረቱ በቅድሚያ ከቅባትና ከዝገት ይጸዳል፤ ከዚያም በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀለጠ የዚንክ ገንዳ ውስጥ ያልፋል። ዚንኩ ከብረቱ ጋር ስለሚዋሐድ እንደ ቀለም በቀላሉ አይላጥም። ከከሚሴ በስተ ሰሜን በምትገኘው በኮምቦልቻ ከተማ የተቋቋመው የብረታ ብረት ፋብሪካ ይህን የመሰለ የክዳን ቆርቆሮ በማምረት ሲታወቅ ቆይቷል።

ዚንክ ብረትን በሁለት መንገድ ይጠብቃል። አንደኛ፣ ውሃና አየር ወደ ብረቱ እንዳይደርሱ ይከልላል። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ቢጫር እንኳ በጭረቱ አጠገብ ያለው ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። ዚንኩ ሲያልቅ ግን ጥበቃው ያበቃል። ስለሆነም የቆርቆሮው ዕድሜ በዚንኩ ውፍረት የተወሰነ ነው።

በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በሁለቱ ገጽ 275 ግራም ዚንክ ቢኖር በእያንዳንዱ ገጽ ያለው ውፍረት 20 ማይክሮን ይጠጋል። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ዚንኩ 100 ግራም ብቻ ከሆነ ግን ውፍረቱ ወደ 7 ማይክሮን ይወርዳል። በገጠር አየር በየዓመቱ አንድ ማይክሮን ያህል ያልቃል ተብሎ ቢታሰብ የመጀመሪያው ሃያ ዓመት ሊጠጋ ሲችል ሁለተኛው በሰባት ዓመት ተራቁቶ ይገኛል። ሁለቱም በሱቅ ደጃፍ ሲታዩ ግን እኩል ያብረቀርቃሉ።

በግዥ ጊዜ ምን ይታያል?

ገዥዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የጌጅ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል እንጂ አይወፍርም። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን 32 ጌጅ 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 35 ጌጅ ደግሞ ከዚህም የሳሳ ነው። በመሆኑም ግዥ የሚፈጽመው ኮሚቴ የጌጁን ቁጥርና በአንድ ካሬ ሜትር ያለውን የዚንክ መጠን በግራም ጠይቆ በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ይኖርበታል። ርዝመታቸውና ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቆርቆሮዎችን በሚዛን ማወዳደርም ጠቃሚ ነው፤ ቀለል ያለው የሳሳው ነው።

በተለምዶ ኢጋ እየተባለ የሚጠራው ባለ ቀለም ቆርቆሮ በፋብሪካ የተጋገረ ቀለም ተጨምሮበታል። ቀለሙ ጥቅም ቢኖረውም ከሥሩ ያለው ዚንክና የብረቱ ውፍረት መጠየቁ አይቀርም። ከተቃጠለ ቤት የተሰበሰበን ቆርቆሮ ለአዲስ ጣራ ማዋል ደግሞ አያዋጣም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ የቤት እሳት ሽፋኑን ያጠፋዋል፤ የሚቀረው እርቃኑን የሆነ ብረት ነው።

ሳይመታ የሚበላሽ ቆርቆሮ

ብዙ ቆርቆሮ የሚጎዳው ገና ጣራ ላይ ሳይወጣ ነው። ተደራርቦ የተቀመጠ ቆርቆሮ ዝናብ ወይም ጤዛ በመካከሉ ከገባና አየር ካላገኘ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ይህ ነጭ ዝገት ዚንኩ እየተበላ ለመሆኑ ምልክት ነው። ሥራው እስኪጀመር ሳምንታት የሚቆይ ቆርቆሮ በጣራ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ አንዱ ጫፉ ዘቅዘቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። እርጥበት ገብቶበት ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ነጣጥሎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ግዥውን ከበልግና ከክረምት ዝናብ አርቆ ሥራው በሚጀመርበት ሰሞን መፈጸም የተሻለ ነው።

በአመታት ጊዜ ምስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም። ምስማሩ ራሱ ዚንክ የተለበጠና ባለ ቆብ ሆኖ ከሥሩ ጎማ ቢኖረው ውሃ አያስገባም። ከላይ ያለው ቆርቆሮ የታችኛውን ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር መደረብ አለበት። የሚቆረጠውም በቆርቆሮ መቀስ ቢሆን ይመረጣል። ግራይንደር ጠርዙን ያቃጥላል፤ የሚረጨው የብረት ፍንጣሪም በሽፋኑ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። ሥራው ሲያበቃ ስብርባሪ ምስማርና የብረት ብናኝ ከጣራው ላይ ይጠረግ። እርጥብ ሲሚንቶና አመድ፣ እንዲሁም ያልደረቀ እንጨት ዚንክን ስለሚጎዱ ከቆርቆሮው ጋር መነካካት የለባቸውም።

የቀለም አቀባብ ሥርዓት

ዚንክ ያልተለበጠ በርና መስኮት፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ማቆሚያና የድልድይ ብረት የሚጠበቁት በቀለም ነው። ቀለም በዝገት ላይ ከተቀባ ግን ዝገቱን ከዓይን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ አብጦ ይላጣል። ስለዚህ የሥራው ዋና ክፍል ማጽዳቱ ነው።

በቅድሚያ ቅባትና አቧራ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ብረቱም በደንብ ይደርቃል። ቀጥሎ ልቅ ዝገትና የተላጠ ቀለም በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይጠረጋል። ብረቱ በጸዳበት ዕለት፣ ጤዛ ሳያድርበት፣ የመጀመሪያው የአንቲረስት ቀለም ይቀባል። ቀለም በጠርዝ፣ በብሎንና በብየዳ ላይ ስለሚሳሳ እነዚህ ቦታዎች በቅድሚያ በብሩሽ ይዳሰሳሉ። አንቲረስቱ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ ከደረቀ በኋላ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ይደረብበታል። ቀለም ለማብዛት ሲባል ቲነር ከልክ በላይ መጨመር ሽፋኑን ያሳሳዋል። አንድ ሊትር እንደ ብረቱ ሁኔታ ከ8 እስከ 12 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል ተብሎ ሊታቀድ ይችላል።

ጊዜ መምረጥም የሥራው አካል ነው። ዝናብ በሌለባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ የጠዋት ጤዛ ከደረቀ በኋላና ብረቱ በቀትር ፀሐይ ሳይግል መቀባት ይመረጣል። በጋለ ብረት ላይ ቀለሙ ከላዩ ፈጥኖ ደርቆ ከሥሩ ሳይያያዝ ይቀራል።

በአዲስ የዚንክ ቆርቆሮ ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው። ቀለሙ ከዚንኩ ጋር ስለማይስማማ ይላጣል። ለዚንክ ተብሎ የተዘጋጀ መነሻ ቀለም ካልተገኘ ያልተጎዳውን ቆርቆሮ እንዳለ መተው ይሻላል። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ደግሞ በብየዳው ዙሪያ ዚንኩ ይቃጠላል። ጭሱ በያጁን ትኩሳት ሊያስይዘው ስለሚችል ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መከናወን አለበት። የተበየደው ቦታም ተፍቆ ዚንክ በበዛበት ቀለም ይሸፈናል።

የዝናብ ውሃ ከጣራ ላይ ተጠራቅሞ በሚጠጣበት ቦታ የቀለም ምርጫ የጤና ጉዳይ ይሆናል። እርሳስ ያለበት ቀለም በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስለዚህ ስሙና አምራቹ ያልተጻፈበት ቀለም መገዛት የለበትም። ያረጀ ቀለም የሚፍቁ ሠራተኞችም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ብናኙን ከውሃ ማጠራቀሚያ ማራቅ አለባቸው።

ፓምፕና የእርሻ መሣሪያ

በእጅ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ የዚንክ ቧንቧ አሲድነት ባለው ውሃ ፈጥኖ ይበላል። ይህን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ውሃው በማለዳ ሲቀዳ ቀይ ሆኖ ጥቂት ከተቀዳ በኋላ ከጠራ ቧንቧው እየዛገ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ሲቀዳ ቢውልም መቅላቱ የማይለወጥ ከሆነ ብረቱ ከከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ያለ ሊሆን ይችላል። የውሃ ኮሚቴው ይህንን ለይቶ ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ቢያመለክት በፕላስቲክ ወይም በማይዝግ ብረት ለመተካት ውሳኔ ይረዳል።

ማረሻ፣ ዶማና ማጭድ ግን ከአፈርና ከሰብል ጋር ስለሚፋተጉ ቀለም አይበረክትባቸውም። እነዚህን የሚጠብቃቸው ቅባት ነው። ሥራ ሲያበቃ አፈሩ ተራግፎ፣ ብረቱ ደርቆ፣ ጨው በሌለው ሞራ ወይም በግራሶ ተቀብቶ ከጎጆው ወለል ከፍ ተደርጎ ቢሰቀል እስከሚቀጥለው እርሻ ሳይዝግ ይቆያል። የመድኃኒት መርጫ መሣሪያም ኬሚካሉ ሳያድርበት በውሃ መታጠብ አለበት።

በመዝገብ የተያዘ ጥበቃ

እ.ኤ.አ. በ1889 በፓሪስ የተመረቀው የኤፍል የብረት ማማ እንዲቆም የታሰበው ለ20 ዓመት ብቻ ነበር። ዛሬም የቆመው በየሰባት ዓመቱ ገደማ እየተፋቀ አዲስ ቀለም ስለሚቀባ ነው፤ በአንድ ዙር 60 ቶን ያህል ቀለም ይፈጅበታል። ለቀበሌ ጣራና ለፓምፕ የሚያስፈልገው ወጪ ከዚህ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም ዘዴው አንድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዝገቱ ብረቱን ሳይበሳ መድረስ ነው።

ለዚህም ማኅበሩ የጋራ ንብረቶቹን በአንድ መዝገብ ማስፈር፣ የተገዙበትን ዓመት፣ የቆርቆሮውን ጌጅና ቀለም የተቀቡበትን ወር መጻፍ ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ክረምት ከመግባቱ በፊትና ካለፈ በኋላ፣ ሁለት ሰዎች ጣራውን፣ አሸንዳውንና የብረት እግሮችን ቢመረምሩ በቂ ነው። በአሸንዳ የተጠራቀመ ቅጠልና አፈር ይጠረጋል፤ የላላ ምስማር ይጠብቃል፤ ቀይ ነጠብጣብ የታየበት ቦታ ተፍቆ ይቀባል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የሽቦ ብሩሽ፣ አንድ ጣሳ አንቲረስትና የግማሽ ቀን ጉልበት ሲሆን፣ ይህ ሳይደረግ ሲቀር ግን የሚከፈለው የአዲስ ጣራ ዋጋ ነው።