የሂሉክስ ሞተር ከመቀየራችሁ በፊት

አሮጌው የናፍጣ ሂሉክስ ሞተሩ ሲደክም ብዙ ደንበኞቼ «ሌላ ሞተር አስገባልኝ» ይሉኛል። ባለ 2779 ሲሲው «3ኤል» እና ባለ 2986 ሲሲው «5ኤል» የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ መቀየሩ ይቻላል። ግን ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ኮምፕሬሽኑ በአራቱም ሲሊንደር ሳይለካ ብር አትክፈሉ። የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር የጉምሩክ ወረቀቱንም ከሻጩ ተቀበሉ።

ማውረዱ ላይ አልቆይም፤ ውሃና ዘይት ማፍሰስ፣ ራዲያተሩን ማንሳት፣ እያንዳንዱን ሽቦና ቱቦ ምልክት እያደረጉ መፍታት ነው። ካምቢዮው እንዳይንጠለጠል ከሥሩ በክሪክ ይደገፍ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ገና ሳይገጠም መሬት ላይ ያለው የሚገባው ሞተር ነው። የታይሚንግ ቺንጋው፣ መወጠሪያው፣ የውሃ ፓምፑና የኋላው የዘይት ማሸጊያ ጎማ ያኔውኑ ይቀየሩ። ቺንጋው እየሠራ ቢበጠስ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል። ማሸጊያው ሞተሩ ከገባ በኋላ ቢያፈስ ደግሞ ካምቢዮ እንደገና ይወርዳል፤ ለጥቂት ብር ቁጠባ ሁለት ቀን ሥራ!

ስትገጥሙ ሞተሩና ካምቢዮው ካልተገናኙ በቡሎን ጎትታችሁ አታስገድዱ፤ የፍሪሲዮን ዲስኩ ይበላሻል። አውጡት፣ ዲስኩን መሃል አስይዙ፣ እንደገና ሞክሩ።

ከማስነሳታችሁ በፊት ናፍጣ ፊልትሩ ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ አየሩን አስወጡ። ከዚያ የናፍጣ መዝጊያውን ሽቦ ነቅላችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩት። ሞተሩ ሳይነሳ ዘይቱ ኩሽኔታዎቹ ጋር ይደርሳል።