የሂርና ሸሪኮችና የንግድ ሕጉ

ሽርክና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች አዋጥተው ለመነገድ፣ ትርፍንም ኪሳራንም ለመካፈል የሚገቡት ውል ነው። ከጭሮ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሂርና ይህ ውል የሚታሰረው ብዙ ጊዜ በቃል ነው። ጫት ካደረ ዋጋው ይወርዳል፤ ውል እስኪጻፍ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፤ ሌላው ከገበሬው ተደራድሮ ይገዛል፣ ያስጭናል። በሰንጋ ድለባም ባለገንዘቡ በሬውን ይገዛል፣ ገበሬው ይቀልባል፣ ሲሸጥ ትርፉን ይካፈላሉ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሽርክና የሚቀርበው የሕግ መልክ የእሽሙር ማኅበር ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ደንግጎታል፤ ያንን የተካው የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243ም አላስቀረውም። ማኅበሩ አይመዘገብም፣ የሕግ ሰውነት የለውም፣ መኖሩም ለውጭ ሰው አይገለጽም። ገዢው ሸሪክ የሚዋዋለው በራሱ ስም ስለሆነ ጫቱን በዱቤ የሰጠ ገበሬ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሸክሙ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ዕዳውን ፊት ለፊት ይቀበላል፣ ባለገንዘቡ ከጀርባ ይቆያል። ሽርክናው ለውጭ ሰው ከተገለጠ ግን፣ በ1952ቱ ሕግ፣ ለዚያ ሰው እንደ እውነተኛ ማኅበር ይቆጠር ነበር።

በይፋ መነገድ የሚፈልጉ ሸሪኮች የኅብረት ሽርክና ማኅበር ያቋቁማሉ። ይህ በጽሑፍ ይደረጋል፣ በንግድ መዝገብ ይገባል፣ የራሱ የሕግ ሰውነትም አለው። ሆኖም አባላቱ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው፤ የማኅበሩ ሀብት ካልበቃ የአባሉ ቤትና መኪና ሊነካ ይችላል። ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ባለበት ሽርክና አንዳንዶቹ አባላት ከመዋጯቸው በላይ አይጠየቁም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር በ2013ቱ ሕግ የመጣ ሲሆን እንደ ጥብቅና ላሉ የሙያ አገልግሎቶች የታሰበ ነው፤ የጫት ነጋዴን እምብዛም አይመለከትም።

ጠብ በብዛት የሚነሳው ከክፍፍል ነው። የ1952ቱ ሕግ ውሉ ዝም ካለ መዋጮው ቢበላለጥም ትርፍና ኪሳራ እኩል ይካፈላሉ ይል ነበር። ትርፉን ሁሉ ለአንዱ የሚሰጥ ወይም አንዱን ከኪሳራ ነጻ የሚያደርግ የውል ቃል ግን ፈራሽ ነው። «እኔ ገንዘቤን ብቻ፣ ኪሳራው የአንተ» የሚለው የገበያ ስምምነት በሕግ ፊት የማይቆመው ለዚህ ነው።

ጠቡ አስቀድሞ የሚደርሰው ለሽማግሌዎች ነው። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ዕርቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደ መጨረሻ ፍርድ ያስገድዳቸዋል። ሽማግሌም ሆነ ዳኛ ግን ማን ምን ያህል እንዳወጣ ማወቅ አለበት፤ የባንክ ደረሰኝ፣ የስልክ ገንዘብ ዝውውር መልእክትና በሁለቱም የተፈረመ ደብተር ከምስክር ቃል በላይ ያስረዳሉ።