አንድ ዓሣ ስንት ጊዜ ይሸጣል?
የባልና ሚስት መዝናኛ፣ የባሌ ትራውትና የገበያው ሒሳብ

በአዲስ አበባ ገበያ ዓሣ የሚታወቀው በኪሎ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ፋሲካ ሲያልፍ ገበያው ይቀዘቅዛል። ነጋዴው አንዱን ዓሣ አንድ ጊዜ ይሸጠዋል፤ ሒሳቡም በዚያው ይዘጋል። ይሁንና አንዱ ዓሣ ተደጋግሞ የሚሸጥበት ሌላ ገበያም አለ። በዚህ ገበያ የሚሸጠው የዓሣው ሥጋ ሳይሆን የማጥመዱ ዕድል ነው። ፈረንጆች ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የማጥመድ ስፖርት ማለት ነው።

ዘንጉና ዝንቡ

በተለመደው አጠማመድ መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሥጋ ይሰካል፤ ክሩን ይዞ የሚሄደውም የታሰረበት እርሳስ ክብደት ነው። በፍላይ ፊሺንግ ግን መንጠቆው በላባና በክር ተጠቅልሎ ዝንብ ወይም ሌላ የውሃ ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል። ይህ ዝንብ ክብደት የለውም ለማለት ይቻላል። የሚወረወረው በራሱ በወፍራሙ ክር ክብደትና በዘንጉ ምት ነው። ለትራውት የሚመረጠው ዘንግ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ሥራው ከጉልበት ይልቅ የእጅ ስልት ስለሚጠይቅ ባልና ሚስት አብረው ሊጀምሩት ይችላሉ። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ሊ ዉልፍና ጆአን ዉልፍ ይህንኑ መዝናኛ ወደ ሥራ ለውጠው በኒውዮርክ ግዛት የማጥመድ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ልምምዱም ወንዝ አይፈልግም። ለምሳሌ ያህል አየር ጤና የሚኖሩ ባልና ሚስት መንጠቆውን አውልቀው በምትኩ ትንሽ የሱፍ ክር ቢያስሩ፣ ሰፊ ግቢ ወይም የኳስ ሜዳ ላይ ውርወራውን መማር ይችላሉ።

ከአየር ጤና እስከ ዲንሾ

ለአየር ጤና ነዋሪ ከዓሣ ጋር የተያያዘው ቅርብ ስፍራ በጅማ መንገድ የሚገኘው የሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ነው። እርሱ ግን የጥናት ተቋም እንጂ መዝናኛ አይደለም። ትራውት ያለው ባሌ ውስጥ ነው። ከአየር ጤና በዓለም ገና ታጥፎ፣ በቡታጅራና በዝዋይ አልፎ ሻሸመኔ ይገባል። ከዚያም በዶዶላና በአዳባ አድርጎ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ይደረሳል። ጉዞው በጠቅላላው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ትራውት የአገሩ ተወላጅ አይደለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ዓመታት ከኬንያ መጥቶ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ የባሌ ወንዞች ተለቀቀ። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ስለሚስማማውም በደጋው ተራባ። ወንዞቹ በክረምት ስለሚደፈርሱ የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። ስለ ፈቃድና ስለሚፈቀደው ስፍራ አስቀድሞ ዲንሾ መጠየቅ ይገባል።

ሒሳቡ ለሁለት ሲካፈል

የጉዞው ትልቁ ወጪ መኪና፣ ነዳጅ፣ ክፍልና አስጎብኚ ነው። ይህ ወጪ ተጓዡ አንድ ቢሆን ሁለት እምብዛም አይለወጥም። አንዱ ብቻውን 100 ብር የሚያወጣበትን ጉዞ ሁለቱ ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 50 ብር ይደርሳቸዋል እንደማለት ነው። ዘንጉም ለጀማሪዎች አንድ ይበቃል። አንደኛው ሲወረውር ሌላው የውሃውን አካሄድና ዓሣው የሚነሣበትን ያያል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ሲታሰብ፣ ከውጭ ከሚመጣ ዕቃ አንዱን መቀነስ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

በአንጻሩ መዝናኛው የባል ብቻ ሲሆን ሚስት ሆቴል ቁጭ ብላ ትውላለች። ጉዞው ያጥራል፤ የሚቀጥለውም ጉዞ ላይፈቀድ ይችላል። ሁለቱም ሲያጠምዱ ግን አንድ ቀን የታሰበው ቆይታ ሁለትና ሦስት ቀን ይሆናል። ለዲንሾ ባለ ሆቴል፣ ለአስጎብኚውና ለፈረስ አከራዩ ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የኒውዚላንድና የኬንያ ትምህርት

ኒውዚላንድ ውስጥ ትራውት መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። የሚሸጠው የማጥመድ ፈቃድ ሲሆን፣ ባልና ሚስትን ከልጆቻቸው ጋር የሚያካትት የቤተሰብ ፈቃድም አለ። የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። በኪሎ የተሸጠ ዓሣ ገንዘብ የሚያስገኘው አንድ ጊዜ ነው። ተይዞ የተለቀቀው ግን ለሚቀጥለው እንግዳ ይቆያል።

የኬንያ ታሪክ ደግሞ ሌላ በር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1905 ትራውትን ከስኮትላንድ የተቀበለችው ኬንያ፣ ዛሬ ዝንቦቹን በእጅ እያሠራች ለውጭ ገበያ ታቀርባለች። ላባ፣ ክር፣ መንጠቆና የሰለጠነ ጣት ከመፈለግ በቀር ከባድ ማሽን የማይጠይቅ የወጪ ንግድ ነው።

ላሟን አርዶ ወተት መጠበቅ

ለዚህ ገበያ ትልቁ አደጋ ተጓዡ እንደ ዓሣ ነጋዴ ያሰበ ዕለት ይመጣል። መኪናውን በዓሣ ሞልቶ የሚመለስ ሰው ላሟን አርዶ ወተት እንደሚጠብቅ ነው፤ ትንሽ ወንዝ ደግሞ ቶሎ ይራቆታል። ስለዚህ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ መጨፍለቅ፣ ዓሣውን በእርጥብ እጅ መያዝና ሳይቆዩ ወደ ውሃው መመለስ የሥራው ደንብ ነው።

ባለሀብቱም ቢሆን ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ሁለት ነገሮችን ማመዛዘን አለበት። የመጀመሪያው የመንገዱ ፀጥታ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ሊጠየቅ ይገባዋል። ሁለተኛው የፓርኩ ዓላማ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለቀይ ቀበሮው፣ ለደጋ አጋዘኑና ለሌላው የተፈጥሮ ሀብቱ እንጂ ከውጭ ለመጣ ዓሣ አይደለም። ትራውት በወንዙ ያሉትን ነባር ፍጥረታት ስለሚበላ ወደ ሌሎች ወንዞች ማዛመት አይመከርም። ንግዱ መታሰብ ያለበት አሁን ባሉት ወንዞችና በተወሰነ የእንግዳ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ለአየር ጤናዎቹ ባልና ሚስት የመጀመሪያው ወጪ አንድ ዘንግና ጥቂት የልምምድ ቅዳሜዎች ናቸው። ውርወራው ለሁለቱም ከተስማማቸው የዲንሾን መንገድ ያስቡ። ለአንዳቸው ካልተስማማ ግን ዘንጉን ሸጦ ኪሳራውን በጊዜ መዝጋት ይሻላል።