ብርድ የሚወዱ ኦርኪዶች

በዚህ እትም የሳይንስ ዓምዳችን ስለ አንድ አስቸጋሪ አበባ እናወጋለን።

ግሪን ሃውስ ሲባል አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን ሙቀት ነው። ኦርኪድ ሲባል ደግሞ የቆላ ጫካ። ሁለቱን ስንገጣጥም «ኦርኪድ በሙቅ ቤት ይበቅላል» ብለን እናርፋለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበሩ የእንግሊዝ አትክልተኞችም ያሰቡት እንዲሁ ነበር። ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ የመጡላቸውን ተክሎች በከሰል እሳት በሚሞቁና መስኮታቸው በተዘጋ ቤቶች አስገብተው እጅግ ብዙዎቹን ገደሏቸው።

ስህተታቸው ካርታውን አይተው ከፍታውን አለማየታቸው ነው። ማስዴቫሊያ፣ ድራኩላና ኦዶንቶግሎሰም የሚባሉት ኦርኪዶች የሚበቅሉት በኮሎምቢያ፣ በኢኳዶርና በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ላይ ነው፤ ብዙዎቹም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ቢሆንም ደኑ ጉም የሚለብስና ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ ደጋ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ አዲስ አበባም ከምድር ወገብ ብዙ ሳትርቅ በኅዳር ሌሊት ጋቢ ታስለብሳለች። ኋላ ላይ ጆሴፍ ፓክስተን በቻትስዎርዝ ቤቶቹን እንደየተክሉ አገር የሙቀት መጠን ለያይቶ አየር እንዲገባባቸው አደረገ። ጄምስ ቤትማንም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በቀዝቃዛ ቤት ማሳደግን አስተዋወቀ።

ዋናው ቁም ነገር ሌሊቱ ነው። ለእነዚህ ተክሎች ሌሊት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተስማሚ ሲሆን፣ ቀን ከ24 ወይም ከ25 ዲግሪ ባያልፍ ይመረጣል። ቅጠሉ ቀን በብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ሌሊት ብርሃን የለም፣ መተንፈሱ ግን አይቆምም፤ ስለዚህ ካጠራቀመው ይበላል። አየሩ በሞቀ ቁጥር ትንፋሹ ይፈጥናል። ሌሊቱ ሞቃት የሆነበት ተክል ቀን ያገኘውን ማታ እንደሚጨርስ ሰው ነው። ወዲያው አይሞትም፤ አዲስ ቅጠሉ ከቀድሞው ያንሳል፣ አበባው ይቀራል፣ አሮጌ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። ባለቤቱ «ውሃ አንሶት ይሆናል» ብሎ ሲጨምርለት ሥሩ ይበሰብሳል። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ይህ ርኅራኄ ነው።

ታዲያ የመስታወት ቤት እንዴት ይቀዘቅዛል? መጀመሪያ ጥላ። መረቡን ከመስታወቱ በላይ፣ በውጭ መዘርጋት ይሻላል፤ ከውስጥ የተዘረጋ መረብ ፀሐይዋን የሚያገኛት ሙቀቷ ከገባ በኋላ ነው። ቀጥሎ በአንዱ ግድግዳ ውሃ የሚወርድበት ንጣፍ፣ በትይዩው ግድግዳ ደግሞ አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ትልቅ ማራገቢያ ይገጠማል። ደረቁ አየር በእርጥቡ ንጣፍ ሲያልፍ ውሃው ይተናል፤ ሲተንም ሙቀቱን ይወስዳል። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ምክንያትም ይኸው ነው። የውጩ አየር ቀድሞውኑ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ግን ዘዴው ብዙም አይሠራም።

እርጥበቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ማስዴቫሊያ እንደ ሌሎች ኦርኪዶች ውሃ የሚያጠራቅም አምፖል መሰል ግንድ ስለሌለው ፈጽሞ መድረቅ የለበትም። ነገር ግን እርጥብና የታፈነ ቤት ሻጋታ ይጋብዛል፤ ስለዚህ ትንንሽ ማራገቢያዎች ቀንም ሌሊትም መዞር አለባቸው። ውሃ የሚጠጣው ጠዋት ነው፤ ቅጠሉ ከመምሸቱ በፊት እንዲደርቅ። ጨው የበዛበት ውሃ የቅጠሉን ጫፍ ያጠቁረዋልና የዝናብ ውሃ ይመረጣል። አፈር አያስፈልግም፤ የዛፍ ቅርፊት ወይም ሽበት መሰል የደን ሣር ይበቃል።

በመሃል ማስጠንቀቂያ፦ በስጦታ የሚመጣልን ሰፊ ቅጠል ያለው ፋላኖፕሲስ የቆላ ዘመድ ነው። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ በረንዳ ላይ እንዳታሳድሩት!

ስለ ውበቱ ስናወራ ዋጋውን መርሳት አይገባም። አልበርት ሚሊካን የተባለ እንግሊዛዊ ኦርኪድ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በኮሎምቢያ 10,000 ያህል ተክሎችን ለማግኘት 4,000 ያህል ዛፎች እንዳስቆረጠ ያለ ኀፍረት ጽፏል። ዛሬ የዱር ኦርኪድ ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በእኛም አገር ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ። በጅማና በቦንጋ የቡና ደኖች የጥላ ዛፎች ላይ ተጣብቀው የሚታዩ ስላሉ፣ ለተግባር ትምህርት የምትወጡ ጓደኞቻችን ብታገኟቸው ፎቶ አንሥታችሁ እዚያው ተዉአቸው። ከዛፉ የተነቀለ ኦርኪድ ዶርም ውስጥ አይኖርም።

ለማሳደግ የሚፈልግ ከዘር የበቀለ ይግዛ። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ስንቅ ስለሌለው በጫካ የሚመግበው ፈንገስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ያለ ፈንገስ፣ በጠርሙስ ውስጥ ስኳርና ማዕድን በያዘ ጄሊ ላይ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ጠርሙስ የወጣ ማስዴቫሊያ የመጀመሪያ አበባውን እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ አንድ ዲግሪ የሚያስጨርስ ጊዜ ማለት ነው።