ወላድን ስለሚደግፉ ሴቶች

ሴት ምጥ በያዛት ጊዜ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው፤ አንዷ ወገቧን ደግፋ፤ ሌላይቱ ላቧን ጠርጋ፤ ሁሉም «ማርያም፤ ማርያም» እያሉ እስክትገላገል ድረስ ከአጠገቧ አለመለየታቸው በደጋው አገር የቆየ ልማድ ነው። ሐኪም ቤት ሲቋቋም ግን ስለ ንጽሕናና ስለ ቦታ ጥበት ሲባል እነዚህ ሴቶች በብዙ ስፍራ ከበር እንዲመለሱ ተደረገ። አዋላጂቱና መድኃኒቱ ተገኙ፤ አጽናኟ ግን ውጭ ቀረች።

ይህችው አጽናኝ ዛሬ በውጭ አገር «ዱላ» በሚል ስም ትታወቃለች። ቃሉ ከጽርእ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ገረድ ማለት ነው፤ በአማርኛ ጆሮ በትርን ማስታወሱ ያስቃል፤ ዳሩ ግን ምርኩዝ ብሎ የሚተረጉመው ሰው ከሥራዋ ብዙ አይርቅም። ዱላ አታዋልድም፤ አትመረምርም፤ መድኃኒትም አትሰጥም፤ ደም ቢፈስ ወይም ሕፃኑ ቢታፈን ሥራው የሐኪምና የአዋላጅ ነው። የእርስዋ ተግባር ከምጡ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አለመለየት፤ ወገብ ማሸት፤ ውሃ ማቀበል፤ የሚሆነውን ነገር በቀላል ቃል ማስረዳትና ማበረታታት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በቁጥር አይመዘንም የሚል ቢኖር፤ የተመዘነ መሆኑን ይወቅ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጣ፤ የተጠኑትም የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ 616 ሴቶች ነበሩ። አጽናኝ ካልነበራቸው ከ100 ሴቶች 18ቱ በቀዶ ጥገና ሲወልዱ፤ ዱላ ካገኙት ግን 8ቱ ብቻ ነበሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው በሦስተኛው ክፍል የታየው ነው፤ ለእነዚህ የተመደበችው ሴት ከወላዷ ጋር ሳትነጋገር በዚያው ክፍል ተቀምጣ ከመመልከት በቀር ያደረገችላት ነገር አልነበረም፤ ቁጥሩ ግን ወደ 13 ወረደ።

በዚሁ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በ17 አገሮች የተደረጉ 26 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩም፤ ያልተቋረጠ ድጋፍ ምጡን እንደሚያሳጥርና ቀዶ ጥገናን እንደሚቀንስ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ዓ.ም. ማንኛዪቱም ወላድ ራስዋ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሮአል።

የሐኪም ቤት ሹማምንት የሚያቀርቡት ምክንያት፤ አልጋዎች በአንድ አዳራሽ በተደረደሩበት ስፍራ እውነትነት አለው፤ የአንዷ ባል ሲገባ ሌላይቱ ትጋለጣለችና። ለዚህ ግን ሴት ብቻ እንድትገባ መፍቀድና በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ መስቀል ይበቃል። ወጪውም በነጋዴ ሒሳብ ቢታይ፤ አንድ ቀዶ ጥገና ቀዶ ሐኪም፤ ማደንዘዣ፤ ምናልባትም ደምና የብዙ ቀን አልጋ ይጠይቃል፤ ለአጽናኟ የሚያስፈልጋት አንድ ወንበር ነው።