ሄይዋርድስ ሂዝ፦ ባቡር ያቆማት ከተማ

ከለንደን በስተደቡብ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሄይዋርድስ ሂዝ እስከ 1841 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቁጥቋጦ የለበሰ ሜዳ ነበረች። ስሟ የሚጠራው ጎረቤቷ ከክፊልድ ነበረች፤ በለንደንና በብራይተን መካከል የሚመላለሱ የፈረስ ሠረገሎች የሚያርፉት እዚያ ነውና። ከክፊልድም ሆነች በሌላው ወገን ያለችው ሊንድፊልድ ባቡር በደጃቸው እንዲያልፍ እንዳልፈለጉ ይነገራል። ሐዲዱ በሁለቱ መካከል በሜዳው አለፈ፤ ጣቢያው በጁላይ 1841 ተከፈተ። መስመሩ በሴፕቴምበር ብራይተን ሲደርስ የሠረገሎቹ ገበያ ተቀዛቀዘ፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ቤት መብቀል ጀመረ።

ከተማዋ መጀመሪያ ያደገችው ለአዳር አልነበረም። በ1859 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተከፈተባት፤ ጣቢያው አጠገብም በሀገሪቱ ከታወቁት አንዱ የሆነ የከብት ገበያ ቆመ። ሰው የሚኖረው ሥራው ባለበት ነበር። መስመሩ በ1933 በኤሌክትሪክ መሥራት ሲጀምር ግን ባቡሩ ፈጠነ፣ ምልልሱም በዛ፤ ለንደን ውሎ ማታ ወደ ቤት መመለስ ቀለለ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1988 የተጀመረው ቴምዝሊንክ የተባለ የባቡር አገልግሎት መንገደኛውን ባቡር ሳይቀይር በለንደን መሃል አሻግሮ እስከ ቤድፎርድ ያደርሰው ጀመር። በዚያው ሰሞን የከብት ገበያው ተዘግቶ ቦታውን ሱፐርማርኬት ወሰደው። የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉም በ1995 ተዘጋና ሕንፃው የመኖሪያ አፓርታማ ሆነ። ሰው ይሠራባቸው የነበሩ ቦታዎች አንድ በአንድ የሸመታና የመኝታ ቦታ ሲሆኑ ማየት ያሳዝናል። በአሮጌው ሆስፒታል አጠገብ የተሠራው ፕሪንሰስ ሮያል ሆስፒታል ባይኖር ጉድለቱ የባሰ ይሆን ነበር።

ቤቱ ግን መጨመሩን አላቆመም። በደቡብ ምዕራብ ቦልኖር የተባለ ሰፈር ተቆረቆረ፤ የተሽከርካሪውን ብዛት ከመሃል ከተማ የሚያስቀር መንገድ በ2014 ተጠናቀቀ። የ2011 ቆጠራ 33,845 ሰው መዝግቧል።

ከ2020 ወዲህ ደግሞ የቢሮ ሠራተኛው በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ከቤቱ ይሠራል። ድሮ ጎህ ሲቀድ ለንደን ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ በሰፈሩ ይታያል፤ ምሳውን እዚያው ይገዛል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ይቀበላል። የወረዳው ምክር ቤት ለአዲስ ቤት ፈቃድ ሲሰጥ እነዚህ ሰዎች የሚሠሩበትና የሚገናኙበት ቦታም አብሮ እንዲሠራ ቢያስገድድ እመኛለሁ።